እናትህ ከፊልሙ በኋላ የጠየቁኝ

ሞላሌ
ጥር 27 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለምወድህ ባለቤቴ ለበኃይሉ፤

ይህ ወረቀት በሰላም ውለህ በጤና ተቀምጠህ ይድረስህ። ደብረ ብርሃንም ብርዱ ከእኛ አያንስም አሉኝና ጋቢህን በአውቶቡሱ ረዳት በዓምደ ሚካኤል ልኬልሃለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ለጥምቀት ልብስ የሚያሰፋው ሰው በዝቶ ወገቤን ቆርጦኝ ሰነበተ። ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል።

በስልክ ያልነገርኩህ ቁጥርህ ስለማይሠራ ብቻ አይደለም። በእኔና በአንተ መካከል ስልክ ብዙ ነገር አበላሽቷል፤ ይህን ደግሞ በእሱ አላወራውም።

የዚያን ቀን ምሳ ቀረበ ብዬ ልጠራህ ጓዳ ስገባ ስልክህ ላይ ያየሁትን፣ እነዚያን ራቁት ሴቶች፣ ለነፍስ አባታችን ለአባ ወልደ ጻድቅ እንኳ አልተናገርኩም። አንተ አንገትህን ደፍተህ «ሳላገባሽ የጀመረኝ ነው፤ መተው አቃተኝ» አልክ። እኔም ተቆጥቼ «ታዲያ ላትነካኝ ለምን አገባኸኝ?» አልኩህ። በሳምንቱ ሥራ አገኘሁ ብለህ ሄድክ።

ከዚያ ወዲያ ሰው የራሱን ወሬ ሠራ። መካን ስለሆነች ጥሏት ሄደ ተባለ። እናትህ እማማ ጥሩሸዋም ያንኑ አምነው ሰላምታዬን በግማሽ ፊት ይቀበሉኝ ጀመር። በመጨረሻም ሽማግሌ ጠርተው «ጋብቻው ይፍረስ፤ ልጄ ሌላ አግብቶ ይውለድ» አሉ።

ባለፈው እሑድ ቪዲዮ ቤቱ መንፈሳዊ ድራማ ያሳያል ተብሎ የሞላሌ እናቶች በሙሉ ወጡ። እኔም ሄድኩ። ስደርስ ክፍት የነበረው ቦታ ከእናትህ አጠገብ ብቻ ነበር፤ እያፈርኩ ተቀመጥኩ። ድራማው ሲያልቅ ባለቤቱ የሚያስቅ የፍቅር ፊልም አስከተለ። ግማሹ ሰው ወጣ። እናትህ ግን «የከፈልንበት አይደለም እንዴ?» ብለው አልነሣም አሉ።

ፊልሙ ስለ አንድ የባንክ ሠራተኛ ነው። እጮኛውን ይወዳታል፤ እጁን ስትይዘው ግን አንዴ ራሴን አመመኝ፣ አንዴ ሥራ አለብኝ ይልና ቤቱ ገብቶ ኮምፒውተሩን ይከፍታል። የሚያየውን አያሳዩም፤ ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማው። ሽማግሌዎቹ ልጅቷን ሊጠይቁለት አባቷ ፊት ተቀምጠው ሳለ ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ በራሱ ተከፍቶ ያ የሴት ድምፅ ወጣ። ይሄኔ አንዱ ሽማግሌ ደንግጠው «ጓዳ የታመመች ሴት አለች እንዴ? ጸበል ስጧት እንጂ!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እናትህም በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

በኋላ ልጅቷ «እኔ ምን ጎደለኝ?» ብላ ጠየቀችው። እሱም «አንቺ ምንም አልጎደለሽም። እነሱ አያዩኝም፤ አንቺ ግን ታዪኛለሽ። ስታዪኝ እፈራለሁ» አላት። በኃይሉ፣ እኔ እኮ አስጠልቼህ ይመስለኝ ነበር። መስታወት ፊት ቆሜ የራሴን ገላ የረገምኩበት ጊዜ አለ። ፈርተህ ይሆናል ብዬ አንድም ቀን አላሰብኩም።

ፊልሙ በሠርግና በጭፈራ አለቀ። ልጁ በአንድ መሳሳም ዳነ። እሱን እንኳን አላመንኩም።

ከእናትህ ጋር አብረን ተመለስን። የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋ ስንደርስ ቆሙ።

«እፀገነት።»

«አቤት፣ እማማ።»

«ስቄ ስቄ ዘወር ብል ታለቅሻለሽ። የእኔም ልጅ እንዲህ ነው?»

ምን ልበል? አንገቴን ደፋሁ። ገባቸውና ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

«መካን ናት እያልኩ ስምሽን ሳጠፋ ለምን አልተናገርሽም?»

«የእሱ ገመና የእኔም ገመና ነው፣ እማማ።»

«ልጄን ሸፍነሽ እኔን በደለኛ አደረግሽኝ» ብለው ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ በሁለት እጄ ያዝኳቸው። እዚያው ተቃቅፈን አለቀስን። ቀና ሲሉ «ትፈልጊዋለሽ?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው።

በማግስቱ እናትህ ሽማግሌዎቹ ቤት ሄደው «የጠየቅኩት ይቅር፤ ልጄ ራሱ መጥቶ ይናገር» አሉ። ቀጠሮው ለቅበላ እሑድ ነው። ሽማግሌዎቹ ምክንያቱን ሲጠይቁኝ «ባለቤቴ መጥቶ ያለውን ይበል፤ እስከዚያ ሚስቱ ነኝ» አልኳቸው።

ድነህ ና አላልኩህም። እዚያ ሆስፒታል እንዲህ ያለውን የሚያማክሩ ባለሙያዎች አሉ ይባላልና ጠይቅ፤ ጸበሉንም አትተው፤ ሁለቱ አይጣሉም። ስትመጣ ደግሞ በመኝታ ፍቅርህን እንድታስመሰክርልኝ አልፈልግም። መጀመሪያ አጠገቤ ቁጭ ብለህ ዓይን ለዓይን እያየኸኝ አውራኝ። ስትፈራ ፈራሁ በለኝ። እኔም የምፈራው አለ፤ እነግርሃለሁ።

ባትመጣም ገመናህን አላወጣም። ያኔ ግን እኔም አልጠብቅህም።

መድኃኔ ዓለም ከሥራ አደጋ ይሰውርህ፤ ከራስህም ጋር ያስታርቅህ። እናትህ «ሳሚልኝ» ብለዋል። በወረቀት አልስምህም፤ ስትመጣ ነው።

ባለቤትህ
እፀገነት እምሩ