መዶሻዬን የያዘው ሰው

ሰኞ፣ የካቲት 4 ቀን 1988 ዓ.ም.። የምሳ ሰዓት፣ መኪናዬ ውስጥ።

የቀኙ የኋላ ፓራፋንጎ፣ የጎማው ከለላ፣ አለቀ። ሦስቴ አፍርሼ ሦስቴ ሠራሁት። ዓይኔን ጨፍኜ በመዳፌ ዳበስኩት፤ የትም ቦታ አልቆረቆረኝም። ሙቀቱ አይጣል ነው። ሰው አገር፣ ላቨርተን ኖርዝ የተባለ የፋብሪካ ሰፈር ያለ መጋዘን፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ቆርቆሮ። ውሃ ስጠጣ አረፈድኩ።

ደብተሬ፣ ሰው የሚያየው ያለቀውን መኪና ነው። ጣጣውን አንተ ስማ። አምስት ሰዎች ነን። የጣሊያኖቹን ያስንቃል የተባለ የፍጥነት መኪና እንሠራለን። የፊት መስታወት የሚያወጣው ፋብሪካ ለሁለት መኪና ብዬ ማሽን አላስነሳም አለ። ስለዚህ መኪናውን በአንድ የቤተሰብ መኪና መስታወት ልክ ሠራነው። የኋላ መብራቱ ከሌላ መኪና፣ የበር እጀታው ከዕቃ መጫኛ ቫን። ሞተር የሚሸጡት ትልልቆቹም በብዛት ካላዘዛችሁ አትምጡ አሉን፤ ከተጋጨ መኪና አውጥተን ነው የገጠምነው። ባሪ፣ አለቃችን፣ ቤቱን ሸጦ ነው የገባበት። አሁን ከሚስቱ ጋር ከመጋዘኑ ጀርባ ካራቫን፣ በመኪና የሚጎተት ቤት፣ ውስጥ ይኖራል።

የራሳችን የምንለው አካሉን ብቻ ነው። አካሉ ደግሞ የእኔ ነው። ከአሉሚኒየም ላሜራ፣ በእጅ፣ በጋሼ መኮንን መዶሻ። ጋሼ መኮንን አዲስ አበባ የባትላሜራን፣ የላሜራ ቅጥቀጣን፣ ሙያ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። በእሳቸው ጋራዥ መዶሻ የሚይዘው ባለሙያው ብቻ ነበር። ረዳቱ የላሜራውን ጫፍ ይይዛል፤ ያውም አፉን ዘግቶ። ሁለት ዓመት ጫፍ ይዣለሁ። ሲሞቱ መዶሻው ለእኔ፣ ለታደሰ፣ ይሰጥ ብለው ነበር።

እዚህ መጀመሪያ ሰሞን ጫፍ የሚይዝልኝ ባሪ ራሱ ነበር። አለቃ፣ ሽማግሌ ሰው፣ እየሳቀ። ለዚህ ነው የምወደው።

ሐሙስ፣ የካቲት 7። ከቀኑ 10 ሰዓት።

የመኪና መጽሔት ሰዎች መጡ። ሚስቴ ዘነበች ሸሚዝ ተኩሳልኝ ነበር። ካሜራው ከሻንጣ ሲወጣ ክሬግ መጣና ሰንሻይን ሰፈር ሄደህ ቀለም አምጣ፣ አስቸኳይ ነው አለኝ። ክሬግ የባሪ የልጁ ባል ነው፤ ኢንጂነር፣ ኮምፒዩተር ላይ የሚስለው እሱ ነው። ሄድኩ። ቀለሙ አልተዘጋጀም፤ ነገ ና አሉኝ። ስመለስ ሰዎቹ ሄደዋል። መዶሻዬ ከመስቀያው ወርዶ የክሬግ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

አንሥቼ መለስኩት። ሸሚዙ ግን ቆጨኝ።

እሑድ፣ የካቲት 24። ከሰዓት በኋላ።

ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

መጽሔቱ ወጣ። ለቸርች ሰው ሁሉ ቀድሜ አውርቻለሁ። ያ የምትሰሙት መኪና የእጄ ሥራ ነው፣ ፎቶም ይወጣል ብያለሁ። ጋሼ ወርቁ፣ ሽማግሌያችን፣ አምነውኝ ገዝተው መጡ። ፕሮግራሙ እንዳለቀ ሰው ሰብስበው ገለጡት። ሁለት ገጽ ሙሉ። ክሬግ ፓራፋንጎዬ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ መዶሻዬን ይዟል። የጋሼ መኮንንን መዶሻ! ያውም አያያዙን ሳያውቅበት፣ ከብረቱ ሥር ጨብጦ።

ጋሼ ወርቁ መነጽራቸውን አወለቁ። ገጹን ገልበጥ፣ መለስ አደረጉ።

«ታደሰ ልጄ፣ አንተ የቱ ጋ ነህ?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንዱ ከኋላ ፎቶውን ያነሣው እሱ ይሆናላ አለ። ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ እሱ ነው ያንገበገበኝ።

መኪና ውስጥ ልጄ ሰላም አነበበችልኝ። አካሉ በኮምፒዩተር ተነድፎ በማሽን ተጭኖ የወጣ ነው ይላል። ወጣቱ ኢንጂነር የመጨረሻዋን ማስተካከያ በእጁ ሲያደርግ፣ ይላል ከፎቶው ሥር። ድገሚው አልኳት። ደገመችው። «ዳድ፣ ኢትስ ጀስት ኤ ማጋዚን» አለች፤ መጽሔት እኮ ነው ማለቷ ነው። ዝም በይ አልኳት። ዘነበች ለጌታ ስጠው ትላለች። እሰጠዋለሁ። መጀመሪያ ግን እኔ ልጨርስ።

የዚያን ሰው ስም ከእንግዲህ ሙሉ አድርጌ አልጽፍም። ክ. ይበቃዋል። ልኩን አሳየዋለሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 25። ማታ።

አገኘሁት። እንዴት እንደምበቀል አገኘሁት! እስካሁን ለምን አልመጣልኝም?

አካሉን የምንቀጠቅጥበት የእንጨት ፎርማ በክ. ሥዕል ነው የተቆረጠው። በቀኝ በኩል ስህተት አለው። አምና ነግሬዋለሁ፤ ኮምፒዩተር አይሳሳትም ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔም ትቼው በራሴ ዓይን አስተካከልኩ። እያንዳንዷን እርማት በካርቶን ቆርጬ አስቀመጥኩ። ጋሼ መኮንን እንዳስለመዱኝ በግዕዝ ቁጥር ጽፌ፤ ከ፩ እስከ ፵፪። የመጀመሪያው መኪና ያማረው በካርቶኖቼ ነው። ይህንን የሚያውቅ የለም።

አሁን ሁለተኛው መኪና ሊጀመር ነው። መንግሥት የመንገድ ፈቃድ የሚሰጠው ሁለቱ መኪኖች አንድ ዓይነት ሲሆኑ ነው። ተቆጣጣሪዎቹ መጋቢት 20 ይመጣሉ። ፈቃዱ ካልወጣ ገዢዎቹ ሄዱ፣ ሁሉ ነገር አበቃ።

ዛሬ ካርቶኖቼን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ወደ ቤት ወሰድኩ። ቁም ሳጥን ጀርባ ናቸው። ሁለተኛውን መኪና እሠራለሁ፤ እምቢ አልልም፣ አልለግምም። ልክ እንደ ክ. ሥዕል ነው የምሠራው። ፀጉር ታህል አልጨምርም፣ አልቀንስም።

ባሪ ያሳዝነኛል። ግን ጥፋቱ የልጁ ባል ነው። ሲዋረድ ባሪም ይማር።

ረቡዕ፣ መጋቢት 11። ማታ።

በሩ አልዘጋም አለ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

የቀኙ በር። ክ. ገፋው፣ በጉልበቱ ደገፈው። ከታች ጣት ያስገባል፣ ከላይ ይፋጫል። ሥዕሉን ዘርግቶ ለካ። እኔም ለካሁለት። ሁሉም እንደ ሥዕሉ ነው፣ አንዲት ነገር አልጎደለችም አልኩት፣ በጣም በትሕትና። ላቡ አፍንጫው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ከምሳ በፊት ደግሞ የፊት መስታወቱን አስገድደው ሊያስገቡ ሲሉ ተሰነጠቀ። ሌላ መስታወት ከተሰባበሩ መኪኖች ግቢ ሊፈልጉ ነው። ባሪ ባልዲ ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ይዞ ቀረ። ወደ እኔ ቀና ሲል ፊቴን አዞርኩ።

ለዘነበች ነገርኳት። ደስ ይላታል ብዬ። «ሬንቱስ፣ የቤት ኪራዩስ?» አለችኝ። «መጋዘኑ ሲዘጋ አንተ የት ልትገባ ነው? ሰንሻይን ላይ ባትላሜራ ፈልጎ የሚጠብቅህ አለ?» አውቃለሁ። ፈቃዱ ከቀረ እኔም ሥራ ፈት ነኝ። ይሁን። ክ. የዚያን በር ድምፅ ዕድሜውን ሙሉ ይስማው።

ሰኞ፣ መጋቢት 16። የምሳ ሰዓት።

ደብተሬ፣ ጉድ ስማ።

ሳንድዊቼን ሳልፈታ ክ. መጥቶ የመኪናዬን መስኮት አንኳኳ። ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ዓይኑ ቀልቷል። ኩርፊያዬ ስለ መጽሔቱ እንደሆነ ያውቃል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ደህና ዋልክ እንኳ አላልኩትም። «ፎቶውን እኔ አልፈለግኩትም» አለ። «መዶሻውን አንሥቶ እጄ ላይ ያስቀመጠው ባሪ ነው። አንተን ቀለም አምጣ ብዬ እንድልክህ ያዘዘኝም ባሪ ነው። ታደሰ ይኑርበት ብዬው ነበር፣ ተቆጣኝ» አለ።

ለምን አልኩት። ለፈቃዱ በተጻፈው ማመልከቻ ላይ ባሪ አካሉ በማሽን ተጭኖ ይወጣል ብሎ ፈርሟል አለኝ። አንድ ሰው በዓይኑና በመዳፉ ነው የሚሠራው ከተባለ ሁለቱ መኪኖች አንድ መሆናቸውን ማን ያምናል? ስለዚህ እኔ መታየት የለብኝም።

ወሬውን አላመንኩም ልል ነበር፤ ግን የቀለሙ ነገር ትዝ አለኝ። አልተዘጋጀም፣ ነገ ና። ያን ቀለም የሚያዘው ባሪ ራሱ ነው፤ አለመዘጋጀቱን ያውቅ ነበር።

ክሬግ ሲወርድ ሥዕሉ መሳሳቱን አሁን አውቄያለሁ፣ የመጀመሪያውን መኪና በሆነ ነገር አስተካክለህ እንደሠራኸውም ገብቶኛል አለኝ። ስሙን ሙሉ አድርጌ መለስኩለት። ክሬግ።

የዚያኛው ስም ግን ከዛሬ ጀምሮ ባ. ነው። ጫፍ የያዘልኝ ሰው! ሌላ ሰው ቢያደርገው ይህን ያህል አያመኝም ነበር። ደሜ ፈልቷል፤ ከሰዓት በኋላ አንድም ነገር የምመታ አይመስለኝም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 17። ከቀኑ 11 ሰዓት።

ባ.ን ፊት ለፊት ጠየቅኩት። አልካደም። ባልዲው ላይ እንደተቀመጠ እጄን ያዘኝ። ሁለት ወር ብቻ ታገሠኝ፣ ፈቃዱ ይውጣና ስምህን በሩ ላይ አስቀርጻለሁ አለ። የሄደውን ቤቱን አነሣ። ሚስቱን አነሣ። አለቀሰ። ላለቅስለት ትንሽ ቀረኝ።

ከዚያ ልመናው መጣ። በሩን በሁለት ቀን አስተካክልልኝ፤ የምታስተካክልበት ነገር እንዳለህ ክሬግ ነግሮኛል አለ። እሺ አልኩ። እሺ ስለው ፊቱ በራ። ቀጥሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? ዓርብ፣ ተቆጣጣሪዎቹ ሲመጡ፣ ግን ቤትህ ዋል። ሲክ ሊቭ፣ የሕመም ፈቃድ፣ እንሙላልህ።

ቤትህ ዋል!

ሐሙስ፣ መጋቢት 19። ከቀኑ 11 ሰዓት።

ካርቶኖቹን ትናንት ይዤ ገባሁ። ሁለት ቀን ቀጠቀጥኩ። ጫፍ የያዘልኝ ክሬግ ነው። አፉን ዘግቶ። አንዴ ብቻ ይህ ምንድን ነው ብሎ ቁጥሩን በጣቱ ነካ፤ ሠላሳ ሰባት ነው አልኩት። ባ. ካራቫኑ ውስጥ ወረቀቱን ሲያዘጋጅ ዋለ፤ ብቅ አላለም።

ደካማ ነኝ። ላሜራ ላይ ሆኜ መበቀል አልቻልኩበትም። ያን ሁለት ሳምንት እንደ ሥዕሉ ስመታ ለካ ራሴን ስቀጠቅጥ ነው የከረምኩት። ዛሬ 9 ሰዓት ላይ የቀኙን በር በሁለት ጣት ገፋሁት። ጠቅ አለና ተዘጋ። ክሬግ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ከተሰባበሩ መኪኖች ግቢ ያመጣነው መስታወትም ሳይታገል ገባ።

ለበሩ ብዬ ነው የሠራሁት። ለባ. አይደለም። ከእሱ ጋር ገና አልጨረስኩም።

ካርቶኖቹን መልሼ መኪናዬ ውስጥ ጫንኩ።

ዓርብ፣ መጋቢት 20። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል።

ያንኑ ሸሚዝ ለብሻለሁ። ዘነበች ትናንት ሳልጠይቃት ተኩሳ ሰቅላው አገኘሁት። የት ልትሄድ ነው አላለችኝም። ሰላም ቁርሷን እየበላች ካርቶኖቹን በመስኮት አየቻቸው። «ዳድ፣ ኢፍ ዩ ጎ፣ ዩ ሉዝ ዘ ጆብ» አለች። ብሄድ ሥራዬን እንደማጣ አውቃለሁ አልኳት። ትንሽ አሰበችና ወተቷን አስቀምጣ አንገቴን አቀፈችኝ።

እሄዳለሁ። ተቆጣጣሪዎቹ 3 ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። በፊት ለፊቱ በር ነው የምገባው። ካርቶኖቼን ወለሉ ላይ እዘረጋለሁ፤ ከ፩ እስከ ፵፪፣ በተራ። እያንዳንዱን አንሥቼ በሁለቱም መኪኖች ላይ እለካላቸዋለሁ። ሁለቱ መኪኖች አንድ ናቸው። አንድ ያደረጋቸው ማን እንደሆነ በዓይናቸው ይዩ። የባ. ወረቀት ውሸት ሆኖ ይውጣ። ፈቃዱን ቢከለክሉ ይከልክሉ፤ የእኔ ሥራ ግን በእኔ ስም ይከልከል። ቢሰጡም በእኔ ስም ይስጡ። እሑድ ጋሼ ወርቁ ሲጠይቁኝ የቱ ጋ እንዳለሁ እነግራቸዋለሁ።

ስለ ባ. አንዲት ክፉ ቃል አልናገርም። እንግሊዝኛዬም ለስድብ አይመችም። አንድ አዲስ ላሜራ አውጥቼ የፓራፋንጎውን ጥምዝ እጀምርላቸዋለሁ። ላሜራ ደግሞ ጫፉን የሚይዝ ሳይኖር አይመታም። ያኔ ወደ ባ. ዞሬ፣ እነሱ እየሰሙ፣ ጫፉን ያዝልኝ እለዋለሁ።

ከያዘልኝ ዛሬ ማታ ስሙን ሙሉ አድርጌ እጽፍልሃለሁ።

ካልያዘ ግን መዶሻዬን ከፍ አድርጌ፣ ሳልመታ፣ በሰው ሁሉ ፊት እጠብቀዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ቢሆንም እጠብቀዋለሁ።