ወፍራሟ ንግሥት

እሁድ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1989 ዓ.ም. — ከቀኑ 8 ሰዓት

ለካርታው መወራረጃ የሚሆን ሽንብራ ለቅሜ በሦስት ሳህን አካፍያለሁ። የዛሬው ጥሬ ነው። ባለፈው እሁድ ቆልቼ ባቀርብላቸው ኦቦ ቱሉ ያሸነፉትን ሁሉ ቆረጣጥመው በሉ፤ ሲሸነፉ የሚከፍሉት ጠፋ።

ደብተሬ፣ እስካሁን አላስተዋወቅኩሽም ለካ። ሦስት ሽማግሌ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ከቅዳሴ መልስ ፖከር። አባዬ፦ ጡረተኛ። የሚደብቀው ነገር ሲኖር ጋቢውን እስከ ጆሮው ይስባል። ጋሽ መኩሪያ (ከእንግዲህ ጋ/መ)፦ እሳቸውም ጡረተኛ፣ ያለ ክራቫት ካርታ አይነኩም። ሲዋሹ ክራቫቱን ያጠብቁታል። አንድ ቀን በውሸታቸው ይታነቃሉ። ኦቦ ቱሉ፦ ከሀና ማርያም ወዲያ ያለው እርሻ የሳቸው ነው። መጥፎ ካርታ ሲደርሳቸው ስለ ላማቸው ጤና ማውራት ይጀምራሉ። የኔ ፊት ግን ግድግዳ ነው። ማንም አያነበውም።

ካርታው በዕድሜ ይበልጠኛል። ባለ ልቧ ንግሥት ድሮ ጠፍታለች። እማዬ ከሲጋራ ካርቶን ቆርጣ፣ በቀይ እስክሪብቶ ስላ ተካቻት። እማዬ ከሞተች ስድስት ዓመቷ። ንግሥቲቱ አለች፤ ከሌሎቹ ሁለት እጥፍ ትወፍራለች። ማን እጅ እንደገባች ከበር ላይ ይታያል። ሁሉም ያያታል፣ ሁሉም እንዳላየ ያልፋል። ፖከር በይሉኝታ።

የአክስቴ ልጅ ከመርካቶ አዲስ ካርታ ገዝቶላቸው ነበር። አመሰገኑ፣ መረቁት። ካርታው ከነላስቲኩ መሳቢያ ውስጥ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9 — ማታ

ዝናብ። ጋ/መ መንገድ ላይ ደብድቧቸው እኛ ቤት ተጠለሉ። ፖከር እዚህ አገር እንዴት ገባ ብዬ ነካካኋቸው። ስህተቴ ነው፤ ዝናቡ አባርቶም አላቆሙ።

ፒያሳ ግሮሰሪ የነበረው አንድ ግሪክ ነው አሉ ያስተማራቸው። ያኔ ወጣት ጸሐፊ ነበሩ። ሰውየው ያለ ክራቫት የመጣ አያስቀምጥም ነበርና ሰውየውም ግሮሰሪውም ከሄዱ በኋላ ክራቫቱ ጋ/መ አንገት ላይ ቀረ። ከዚያ ደርግ መጣ፤ ሰዓት እላፊ። እንግዳ ትንሽ ከቆየ መውጫ የለውም፣ እስኪነጋ መቀመጥ ነው። ምን ይደረግ? መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ፣ ጠረጴዛው ላይ ካርታ። ኦቦ ቱሉ ወተት ሊያደርሱ መጥተው እንዲያ ሲያመሹ ተማሩ። አራተኛዋ እማዬ ነበረች። ሦስቱንም ባዶ እጃቸውን ታስቀራቸው ነበር አሉ።

ይሄን አስታውሳለሁ። ጭኗ ላይ ተኝቼ፣ ካርታው ሲበወዝ፣ በደረቅ ቅጠል ላይ ሰው የሚሄድ ይመስለኝ ነበር።

የቤቱ ሕግም የሷ ነው። አንድ ሌሊት ጥሩ ካርታ ይዛ ሳለ ጋ/መ "በሞቴ ውጪ፣ ካርታሽን ጣይ" ብለው ለመኗት። ወጣች። የሳቸውን ገልብጣ ብታይ ባዶ! ከዚያ ወዲህ እዚህ ጠረጴዛ ላይ "በሞቴ" አይባልም።

ፖከርን የገደለው ሰዓት እላፊ መነሳቱ ነው ይላሉ። ሰው ሁሉ መሄድ ሲችል ሄደ። እኔ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ከዚያ ነገሩን አወጡት። ልጃቸው አዋሳ ሊወስዳቸው ነው፣ ፍልሰታ ሳይገባ። ብቻዎን አይኑሩ ብሏቸዋል። አባዬ ሐይቅ ታያለህ፣ አሣ ትበላለህ ብሎ መረቃቸው። ጋቢው ጆሮው ላይ ደርሷል።

ዓርብ፣ ሐምሌ 18

አባዬን ጠየቅኩት። ለምን አትሂድ አትላቸውም? ሰው ልጁ ጋ ሲሄድ አትሂድ አይባልም አለኝ። በሞቴ በላቸዋ፣ አልኩ። ሕግ ነው አለ። የማን ሕግ? ጋቢውን ወደ ጆሮው ሳበ።

ሁለት ሰው ፖከር አይጫወትም፤ ይፋጠጣል እንጂ። አባዬና ኦቦ ቱሉ እሁድ እሁድ ስለ ላሟ ሲያወሩ ታየኝ። ልስቅ ነበር። አልሳቅሁም።

እሁድ፣ ሐምሌ 27 — ምሽት 12 ሰዓት

እየቸኮልኩ ነው፣ ጽሕፈቴን ታገሺኝ።

የመጨረሻው ጨዋታ። ረቡዕ ጋ/መን የሚወስደው መኪና ይመጣል። ማንም ስለ ረቡዕ አያነሳም። ኦቦ ቱሉ ላሟ መብላት አቁማለች ብለው ገና በጊዜ ካርታቸውን ጥለው ተመልካች ሆኑ። ቀሩ ሁለቱ። ወፍራሟ አባዬ እጅ ናት፤ እንደ ተራራ ትታያለች። ጋ/መ ሽንብራቸውን በሙሉ ገፉ። አባዬም በሙሉ ገፋ። ከዚያ ጋቢውን ከጆሮው አወረደ።

"ከተሸነፍክ ትቀራለህ፣ መኩሪያ።"

"ካሸነፍኩስ?"

"ካርታውን ይዘህ ትሄዳለህ። ከነሷ።"

ጋ/መ ካርታቸውን አዩ፣ ያቺን ካርቶን አዩ። እጃቸው ወደ ክራቫቱ ሄደ። አሁን ሊያጠብቁት ነው ስል ፈቱት! በዕድሜዬ ያለ ክራቫት አይቻቸው አላውቅም፤ አንገታቸው የሕፃን ይመስላል። ካርታቸውን ሳያሳዩ ደፍተው አስቀመጡ።

"ወጣሁ" አሉ። "ለልጄ በቁማር ተበላሁ እለዋለሁ። ቃል ቃል ነው።"

ኦቦ ቱሉ ላሟ ሳትሻላት አትቀርም አሉ።

ካርታውን የምሰበስበው እኔ ነኝ። የአባዬ ጥንድ ንግሥት፣ ሌላ ምንም። የጋ/መን በአውራ ጣቴ ገለጥ አደረግኩ። ሦስት ንጉሥ፤ ጥንዱን ይበላል።

ማንም ሳያይ ከመሀል ቀላቅዬ በወዝኩት።

ያው ቀን — ከራት በኋላ

አባዬ እንደ ዋዛ ጠየቀኝ። ምን ይዞ ነበር? ባዶ፣ አልኩት። ግድግዳ ፊቴን ይዤ።

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ፣ "እናትሽም ስትዋሽ አፍንጫዋን ታክ ነበር።"

እጄ የት እንደነበረ ልንገርሽ?

እሱ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ጋቢው መሬት ወደቀ። ሁለታችንም ስለ ጋ/መ ካርታ ደግመን አላነሳንም። ለጋ/መም አንነግራቸውም።

ወስኛለሁ። በፍልሰታ ካርታ አይነካም፤ ከፍቺው በኋላ በመጀመሪያው እሁድ አራተኛ ሆኜ እቀመጣለሁ። እስከዚያ እጆቼን ማስተማር አለብኝ። የእማዬን ወንበር ከጓዳ አወጣሁት። አንድ እግሩ ያጥራል፣ ይንገዳገዳል። መሳቢያውን ከፈትኩ። ለአዲሱ ካርታ ሥራ ተገኘለት፤ ከነላስቲኩ እግሩ ሥር ገባ። አሁን አይነቃነቅም።