አልቆለፍ ያለው የፋሲካ ኦቭን

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ ለእትዬ ዜልዳ፤

ሰላምታዬ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የትከሻሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ አሁንም በአንድ ክንድሽ ነው የምታቦኪው? ራፋኤልስ፣ ልጆቹስ? ሜልበርን ብርዱ ገባ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን። እንዲያውም ከደኅናም በላይ ነን፤ ደስታው አላስቀምጠኝ ስላለ ጽሑፌ ቢዝረከረክ አትፍረጂብኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። የባሌ የሄሽል አባት ዛልማን ባለፈው ክረምት ካረፉ ወዲህ አማቴ ፍሩማ በራቸውን ዘግተው እንደተቀመጡ ታውቂያለሽ። የፋሲካ እራት ሁሌም እሳቸው ቤት ነበር የምንበላው። ዘንድሮ ግን "ያለ ዛልማን ፋሲካ የለኝም" አሉ። እኛ ጋ ይምጡ ብንላቸው ደግሞ፣ "የማንን ኦቭን አምኜ? ዓመት ሙሉ ዳቦ የጋገርሽበትን? በፋሲካ እርሾ በነካው ዕቃ ይበላል እንዴ? ቤቴ ቁጭ ብዬ እንቁላሌን ቀቅዬ እበላለሁ" አሉኝ። በዚያች ሌሊት ብቻቸውን ከአንድ እንቁላል ጋር ተፋጥጠው ሲቀመጡ ታየኝ። አፌም አያርፍ፣ አዲሱ ኦቭናችን ራሱን የሚያጸዳ መሆኑን፣ በሩን ቆልፎ ውስጡን አመድ እስኪሆን እንደሚያቃጥል፣ እርሾ ቀርቶ የእርሾ ሽታ እንደማይተርፍ ደረደርኩላቸው። "ሲቃጠል በዓይኔ ካየሁ እበላለሁ፤ ካላየሁ ግን አትለምኑኝ" አሉ።

ትናንት ሰኞ መጡ። ካፖርታቸውን እንኳን ሳያወልቁ ወንበር ስበው ኦቭኑ ፊት ቁጭ። እኔም እየተኩራራሁ በሩን ዘጋሁና የመቆለፊያውን እጀታ ወደ ቀኝ ገፋሁት። ግማሽ መንገድ ሄዶ ቀጥ አለ። እጀታው ጥግ ካልደረሰ ደግሞ ማጽጃው አይነሳም። ከፍቼ ዘጋሁ፣ መደርደሪያዎቹን አወጣሁ፣ የበሩን ዙሪያ ማሸጊያ ዳሰስኩ፣ ከቆጣሪው ሥር መብራቱን አጥፍቼ መልሼ አበራሁ። ወይ ፍንክች። አማቴ "ኦቭንሽም እንዳንቺ ግትር ነው" አሉኝ። አፋቸው ይቀልዳል፣ እጃቸው ግን ቦርሳቸውን ጨብጦ ነበር፤ ሊሄዱ መሆኑ ገባኝ።

ሄሽል ፒንሳውን ይዞ መጣና እጀታውን ሊጎትት ሲል፣ "ከሰበርከው አንተን ነው የምቆልፍብህ" ብዬ ነጠቅኩት። ጠጋኙ ጋ ደወልን፤ ከበዓሉ በኋላ ካልሆነ አልመጣም አለ። ጭንቅ ሲለኝ የምኩራባችን ረቢ ጋ ደወልኩና፣ ሳይቆለፍ በተራ ሙቀት ብቻ ቢግል አይበቃም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ለአማትሽ ይበቃቸዋል?" አሉኝ።

አይበቃቸውም አልኩ።

"እንግዲያው እኔ ስለ ኦቭን እፈርዳለሁ እንጂ ኦቭን አልጠግንም። ይልቅ ንገሪኝ፤ ሰሞኑን በምንድን ነው ያጸዳሽው? ከፋሲካ በፊት እናንተ ሴቶች ስትፈትጉ የማታበላሹት ዕቃ የለም" አሉኝ።

እትዬ፣ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ባለፈው ሳምንት ተንበርክኬ፣ እናታችን እንዳስተማረችን እያንዳንዷን ስንጥቅ በጥርስ መጎርጎሪያ ስንጥር ስጎረጉር ነው የከረምኩት። አንዷ ስንጥር እጄ ላይ ቀጭ ብላ ተሰብራ ነበር፤ ከቁብ አልቆጠርኳትም። ስልኩን ሳልዘጋ ባትሪ አበራሁና የመቆለፊያውን ቀዳዳ ባየው፣ ምን አለፋሽ፣ እዚያው ተሰንቅራለች። ራሱን የሚያጸዳ ኦቭን ገዝቼ ራሴ ካላጸዳሁት ብዬ፤ የኛን ነገር መቼም ታውቂዋለሽ። የቅንድቤን ወረንጦ አምጥቼ ቀስ ብዬ መዘዝኳት። እጀታውን ገፋሁት። ጥግ ድረስ ሄዶ ቀጭ አለ፤ ቀይ መብራቱም በራ። ልጃገረድ ሳለን እንደምንጨፍረው ወጥ ቤቱን ዞርኩት። አማቴም ስንጥሯን ተቀብለው አገላብጠው አዩና፣ "እርሾ ስታባርሪ እንጨት ተከልሽ" ብለው ሳቁ። ከቀብሩ ወዲህ ሲስቁ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

መቼም በሩ አንዴ ከተቆለፈ፣ ኦቭኑ ካልበረደ አይከፈትም። ሄሽል ቤታቸው ሊያደርሳቸው የመኪናውን ቁልፍ ሲያነሳ፣ "አመዱን ሳላይ የት እሄዳለሁ?" አሉት። ካፖርታቸውን አወለቁ። ሽንኩርት ስከትፍ "ይሄ ለሰው ነው ለፈረስ?" ብለው ቢላውን ቀሙኝ። አመሻሹ ላይ በሩ ሲከፈት ጎንበስ ብለው አዩ፤ እፍኝ የማትሞላ ግራጫ አመድ ናት። በእርጥብ ጨርቅ ራሳቸው ጠረጉትና፣ "አሁን ገና ኦቭን ሆነ" አሉ።

ከዚያ ወደ ሄሽል ዞረው፣ "ቤት ሂድና የአባትህን ትራስ አምጣ" አሉት። ትራሱን ታስታውሽዋለሽ፤ ዛልማን የፋሲካን ማዕድ ሲመሩ፣ ከባርነት እንደወጣ ሰው ጋደም ብለው በግራ ጎናቸው የሚደገፉት ነው። ሄሽል ግራ ገብቶት "ለማን ነው?" ሲል፣ "ላንተ ነዋ፤ ረቡዕ ማታ ቀጥ ብለህ ተቀምጠህ ልትመራን ኖሯል?" አሉት። ባሌ ወደ መኪናው ሲሄድ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ ነበር። እኔም አለቀስኩ፤ በሽንኩርቱ አሳበብኩ።

ይህ ሲደርስሽ በዓሉ አልፏል፤ እንኳን አደረሳችሁ። ራፋኤልን ሳሚልኝ። ሺፍራን አክስትሽ ልብስ እየሰፋችልሽ ነው በያት። ትንሹን ኤልያኪምን ጉንጩን ንከሺልኝ። ሄሽል እጅ ይነሳል። አማቴም ከጓዳ እየጮኹ ሰላም በያት ይላሉ፤ ያደሩት እኛው ቤት ነው።

የምትወድሽ እህትሽ ጊትል

ክሊቭላንድ፣ ኦሃዮ
ማክሰኞ ኤፕሪል 18 ቀን 1989