«ይወርዳል» ለምትለው ወንድሜ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክ? ሚስትህና ትንሹስ ደህና ናቸው? እኔ ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ።

ሚስትህ ደውላ ሁሉንም ነገረችኝ። የአሥራ አራት ወሩ ልጅህ ሁለቱም የዘር ፍሬዎቹ ከሆዱ አልወረዱም፤ ሐኪሟ ለሰኞ ቀዶ ጥገና ቀጥራዋለች። አንተ ግን «ልጄን ቢላ አይነካውም፣ ሲያድግ ይወርዳል» ብለህ የቀጠሮውን ወረቀት ቀደድከው። ማን አስተማረህ? ጢሙን የምትላጨው ሹፌር? ጎበዝ። ፀጉር ቤትህ ውስጥ እኮ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ሐኪም ነው፤ ሹፌር የሚሆነው ሲነሳ ነው።

እማዬም ስለ እኔ እንዳንተው ትል ነበር። እስከ ስድስት ዓመቴ ማታ ማታ ሙቅ ውሃ ውስጥ ታስቀምጠኝና ጎንበስ ብላ ታያለች። «ዛሬስ የወረደ መሰለኝ» ትለዋለች አባታችንን፤ እሱም ደስ ብሎት ይተኛል። ከውሃው ስወጣ ግን ወርዶ ይቅር አይቅር ማንም አያይም። እሷ አላወቀችም፣ አልፈርድባትም። አንተ ግን ፊደል ቆጥረህ፣ ቀን ከሌት ስልክ እየነካካህ፣ ከእሷ ብሰህ አረፍከው።

ፍሬው የሆድ ሙቀት ውስጥ በቆየ ቁጥር ይጎዳል፤ ኋላ ዘር ማፍራት ያቅተዋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። እኔ በሠላሳ አራት ዓመቴ ስመረመር ሐኪሙ ውጤቱን ሰጠኝና «ምነው በልጅነትህ ባመጡህ» አለኝ። ይህን እስከ ዛሬ ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር።

የቀድሞ ሚስቴን ባለፈው ወር ገበያ አየኋት። ሁለት ልጆች በእጇ ይዛለች፣ ሦስተኛውን አርግዛለች። «መካን» ብለን የሸኘናትን ማለቴ ነው፤ አንተም ሻንጣዋን እስከ መኪናው ተሸክመህላት ነበር። እሷ የሄደች ቀን የሐኪሙ ወረቀት ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። እንግዲህ አንተን ብቻ እየናቅኩ እንዳይመስልህ።

ሰኞ ጠዋት እመጣለሁ። የአንድ ወላጅ ፊርማ ይበቃል ብለዋታል፤ ሚስትህ ፈርማለች። ብትመጣ መልካም፣ ባትመጣም ማንም አይፈልግህም። «ወንድ ልጅ አለኝ» እያልክ ትፎክር የለ? እኔ የምወስደው አንተ አያት እንድትሆን ነው።

እግዜር ልጅህን ያሳድግልህ፤ ለአንተም ልብ ይስጥህ።

አጎት ብቻ የሆነው ታላቅ ወንድምህ