ሆዴን ያመመኝ ሰሞን

የካቲት 3
ድንች ስልጥ ዋልኩ። የመጦሪያ ቤቱን ስልሳ አዛውንት ማብላት ቀላል ነው እንዴ? ድሮ ልብስ ሰፊ የነበሩት አባባ ከመመገቢያ አዳራሹ ጮኹ፦ “ልጄ፣ ጨው ተወደደ?” ሳቅን። ከጠዋት ጀምሮ ግን ሆዴን ይቆርጠኛል... ምን በላሁ?

የካቲት 4
አምስቴ ሽንት ቤት ተመላለስኩ። ለኩሽና ኃላፊዋ ነገርኳት። “ሰው የለኝም እቴ፤ ሎሚ ጠጪና ቻይው።” ቻልኩት። ሰላጣውን ከተፍኩ። እጄን ታጥቤያለሁ... ሁሌ? በሳሙና? በጥድፊያ የወጣሁበት ጊዜ አለ።

የካቲት 7
እኔ ተሻለኝ። ስድስት አዛውንቶች ግን ያስመልሳቸዋል፣ ተቅማጥ ይዟቸዋል። አባባም አሉበት።

የካቲት 8
ከጤና ጽሕፈት ቤት መጡ። የኩሽና ሠራተኛ በሙሉ ሰገራ ይስጥ ተባለ። “ዕድሜዬን እንኳ የማልናገር ሴት፣ ሰገራ በብልቃጥ!” አለች ሳህን አጣቢዋ። ሁሉም ሳቀ። እኔ አልቻልኩም።

የካቲት 10
አባባ አረፉ።

የካቲት 13
ውጤት መጣ። እነሱን የያዘው ጀርም እኔም ውስጥ አለ።
“እኔ ነኝ?” አልኳት ውጤቱን ያመጣችውን ነርስ።
“እንዲህ ነው ብሎ መማል አይቻልም። ግን ተቅማጥ ይዞሽ ሰላጣ መክተፍ አልነበረብሽም። ተመርምረሽ ነጻ ነሽ እስክትባዪ ምግብ አትነኪም።”
ባሌ “ለማንም እንዳትተነፍሺ” አለኝ። እራት እሱ ሠራ። ድርሻዬን ከድኜ አስቀመጥኩት።

የካቲት 19
የአባባ ልጅ ልብሳቸውን ልትወስድ መጣች። አቀፈችኝ።
“አባዬ ‘እናትሽ ከሞተች ወዲህ እንደ ወጥ ሠሪዋ ያበላኝ የለም’ ይል ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።”
ዝም ማለት ይቻል ነበር... አንጀቴ እምቢ አለ። ነገርኳት። ሕመሙን፣ ሰላጣውን፣ ሁሉን።
እጇን ከትከሻዬ አነሳች። “እያወቅሽ?”
“ሆድ ቁርጠት በሽታ አልመሰለኝም... ሰው የለም ሲሉኝም እሺ አልኩ።”
አልተሳደበችም። ሻንጣውን ይዛ ወጣች። ምነው በሰደበችኝ!

መጋቢት 11
ሁለቴ ተመርምሬ ነጻ ነሽ ተባልኩ። ኃላፊዋ ራሷ ደወለች። ድምጿ ልስልስ ብሏል። “ነይ እቴ። ከእንግዲህ የታመመ ሰው ደጃፌን አይረግጥም።” ለኔ ነው ለራሷ የምትለው? ልብስ ማጠቢያ ክፍል አስገቡኝ አልኳት። “እሺ” አለች።

መጋቢት 16
አንሶላ ስዘፈዝፍ ከኩሽና የሽንኩርት ሽታ መጣ። ሊያርር ነው። አዲሷ ወጥ ሠሪ አላማሰለችውም። ብድግ አልኩ... በሩ ድረስ ሄድኩ።
ተመልሼ አንሶላዬን ያዝኩ።