የቲቸር ደምሴ ዓሣ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.
ከቡሹሎ ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ

በፈጣሪና በዚህ ደብተር ፊት እመሰክራለሁ፦ ቲቸር ደምሴ ዛሬ ያገኙት ቅሪተ አካል ባለፈው ሳምንት ሐይቅ ዳር የበላሁት ጥብስ ዓሣ ነው። አጥንቱን ጭቃ ውስጥ ጠፍጥፌ፣ ጣሪያ ላይ አድርቄ ቡሹሎ ገደል ሥር የወሸቅኩት እኔ ነኝ። «ቲቸር፣ እዚህ ጋ ይምጡ!» ብዬ የጠራኋቸውም እኔው።

በየዓመቱ ተማሪ ይዘው ይወጣሉ፤ በየዓመቱ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። «ቅሪተ አካል ለማየት እዚህ ድረስ ምን አስመጣን፣ እሳቸው አሉ አይደል?» እያልኩ ልጆቹን አስቅ ነበር። ዛሬም የምንስቅ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ተንበረከኩ። መነጽራቸውን አውልቀው አለቀሱ።

«ጡረታ ሳልወጣ አሳየኸኝ፣ ጌታ ሆይ!» አሉ።

ማንም አልሳቀም።

ሰኞ ሰልፍ ላይ ለመላው ትምህርት ቤት ሊያሳዩት ነው። የባዮሎጂ አስተማሪዋ አንዴ ካዩት ቲቸር ደምሴ አለቀላቸው። እኔ ልስቅባቸው እንጂ ሰው ሁሉ እንዲስቅባቸው አልፈለግኩም።

አሁን ከፊት ወንበር ላይ በኮታቸው ጠቅልለው እንደ ሕፃን ታቅፈውታል። ገለጥ አድርገው አዩት። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ደግመው አሸተቱት። ቀስ ብለው ወደ ኋላ ዞሩ።

«ቤተልሔም» ብለው ጠሩኝ። አልጮኹም።