የሞኮኔ ጉድጓዶች

ኤፕሪል 9፣ ረቡዕ
አረም ስንነቅል ዋልን። ይህ አዲስ ግቢያችን የህሎትሴ ከተማ አህያ ሁሉ ሲያድርበት የኖረ ይመስላል... እሾህ፣ ዝገት የበላው ቆርቆሮ፣ አንድ እግር ጫማ። ውርጩ ሳይገባ አፈሩ ተገልብጦ ፍግ ካልጠገበ፣ ኦገስት ላይ ሙቀቱ ሲመለስ ምን ይበቅልበታል?
ባለቤቴ ሞኮኔ ግቢውን በእርምጃ ለኩ። የማዕድን ቆባቸውን፣ ያንን ጠንካራውን፣ አጥልቀው።
"እዚህ ደግሞ ምን ይወድቅብዎታል?" አልኳቸው።
ሽቅብ ወደ ሰማዩ አዩ። "አይታወቅም።"
ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ከማዕድኑ በዓመት አንድ ወር ብቻ የሚመጡልኝ ባል... አሁን ጡረታ ወጥተው በየቀኑ አሉ። ለእንግዳ የማወጣውን ሳህን እስከ መቼ ነው የማቀርብላቸው?

ኤፕሪል 12
ቅጠል ለቅመን ከፍግ ጋር ከመርን። እንዲበሰብስ። ወገቤ...

ኤፕሪል 15
ለኮክ ችግኝ ጉድጓድ ይቆፍሩ፣ እስከ ጉልበት ይበቃል ብዬ ገበያ ሄድኩ። ስመለስ ሰውዬው የሉም። ተጣራሁ። ከመሬት ውስጥ "አቤት" አሉ።
እስከ ደረታቸው ወርደዋል። ጎኑ እንዳይናድ በግንድ ልደግፈው እያሉ ነው።
ጎረቤታችን ማቱሶ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች፣ እንደ ሰፈሩ ሁሉ በልጄ ስም እየጠራችኝ። "የሊኔዮ እናት፣ እግዜር ያጽናችሁ። ቀብሩ መቼ ነው?"
"ገና አልሞትኩም" አሉ ከጉድጓዱ።
"እሱንማ እያየሁ ነው። ቀድመው ገቡ ብዬ ነው።"
የቀረውን ቀን ግማሹን አፈር መልሰን ስንሞላ ዋልን። ሞኮኔ አኮረፉ። ግን እኮ ልሳቅ እንጂ ምን ላድርግ?

ኤፕሪል 22
ነጭ ሽንኩርት ተከልን። እሳቸው ገመድ ወጥረው፣ በስንዝር ለክተው። ደመወዝ ለመቀበል የተሰለፈ ሠራተኛ መሰለ። አንዷ ከመስመር ወጣች ብለው ነቅለው እንደገና ተከሏት። ደረቅ ሣር አለበስኩት፣ ካላየሁት ይሻላል።

ኤፕሪል 28
ጠዋት ተነሥቼ ወጥ ቤት ስገባ ገንፎ ሠርተው ጠበቁኝ። ድንጋይ ከድንጋይ የሚያጣብቅ ነበር።
ሁሉንም በላሁት።

ሜይ 3
ፍግ እየበተንኩ፣ እሳቸው ከቤቱ ጀርባ በስልክ ሲያወሩ ሰማሁ። "ሁለት ዓመት?... ልምድማ አለኝ... አስቤ እነግራችኋለሁ።"
ከዚያ መጥተው አካፋቸውን አነሡ። ማን እንደደወለ አልጠየቅኩም።

ሜይ 6
እራት ላይ ነገሩኝ። አዲስ የማዕድን ጉድጓድ ሊከፈት ነው፣ ልምድ ያለው ሰው ይፈለጋል። ከድንበሩ ማዶ፣ እንደ ድሮው።
"ምን ይመስልሻል?"
"እርስዎ ያውቃሉ" አልኩ።
ለምንድነው እንዲህ ያልኩት? በፊትም በሄዱ ቁጥር የምለው ይህንኑ ነበር... ሻንጣቸውን አጣጥፌ እየሰጠሁ። ተነሥተው ሳህናቸውን ራሳቸው አጠቡ።

ሜይ 11፣ እሁድ
ተጣላን። በሃያ ሰባት ዓመት የመጀመሪያው። ለአንድ ወር በመጣ ሰው ላይ ማን ይጮሃል?
የተነሣው በጉድጓድ ነው። ሦስተኛውን የኮክ ጉድጓድ ሞኮኔ ከቤቱ ጥላ ሥር ቆፍረውት አገኘሁ።
"ኮክ ፀሐይ ይፈልጋል" አልኩ።
"የጣራው ውሃ የሚወርደው ወደዚህ ነው።"
"ውሃ ብቻ ጠጥቶ ነው የሚያፈራው?"
"እኔ መሬት አውቃለሁ፣ የሊኔዮ እናት።"
ያኔ ጮህኩ። "የታችኛውን ታውቃለህ፣ የላይኛውን አታውቅም። ደግሞስ አንተ ምን ቸገረህ? ሲያብብ አታየው። አንተ ትሄዳለህ፣ ጥላ ውስጥ የቀረ ዛፍ የማስታምመው እኔ ነኝ። የምትሄድ ከሆነ ይህን ሁሉ ጉድጓድህን ደፍነህ ሂድ።"
ከአጥሩ ወዲያ የማቱሶ መጥረጊያ ዝም አለ።
ሞኮኔ አካፋውን ተደግፎ ቆመ። "እንድቀር ትፈልጊያለሽ?"
"ምን ይመስልሃል?"
"ሁልጊዜ 'እርስዎ ያውቃሉ' ነው የምትይኝ። እኔ ደግሞ ብቻሽን መሆን ለምደሻል ብዬ... ቤትሽ ውስጥ የማስቸግርሽ እየመሰለኝ።"
እጄ ላይ ያለውን አፈር አራገፍኩ። "ታስቸግራለህ" አልኩት። "ግን ቅር፣ አትሂድ።"
ስልኩን አውጥቶ እዚያው ቆሞ ደወለ። "አልመጣም... የለም፣ ጤነኛ ነኝ። እዚህ ሥራ ይዣለሁ።"
ከዚያ የጥላውን ጉድጓድ መድፈን ጀመረ። "የት ይሁን?" አለኝ። ፀሐይ የምትመታውን ቦታ አሳየሁት። ሁለት ሦስት አካፋ ቆፈረና ቀና አለ።
"'አንተ' አልሽኝ" አለ።
"አልኩህ።"